ስንት ገድሎ ነው?

በወጣትነቴ ሥራዬን እወድ ነበር፤ ስለ ሥራዬ ማውራት ደግሞ ከሥራውም አብልጬ እወድ ነበር። ሰቆጣ ውስጥ በኦፕራሲዮን ክፍል ነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት፣ ቀን ያየሁትን ለጎረቤት ሳላወራ የቀረሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። የበሽተኛ ገመና አላወጣም ነበር፤ እስከዚያ ድረስ አልቀለልኩም። ወሬዬ ሁሉ ስለ አለቃዬ፣ ስለ ቀዶ ሐኪሙ ነበር። ታዲያ ስለ እሱ ከተናገርኳቸው ነገሮች አንዱ አንዲት ወላድ ሊገድልብን ትንሽ ነው የቀረው። ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ እኔው ልጻፈው።

ፊት ለፊት «እርስዎ» ነበር የምለው። እዚህ በአንቱታ ልጽፈው ብሞክር ግን እጄ እምቢ አለኝ፤ ይህን ያህል ዘመን በልቤ የኖረ ሰው ስለሆነ «እሱ» እለዋለሁ። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነበር የመጣው። የተወለደው ባሕር ማዶ፣ የመን ነው። በዘጠኝ ዓመቱ አጎቱ ይዞት ወደ ድሬዳዋ ተሻገረ፤ በአጎቱ ሱቅ ጨውና ላምባ እየቸረቸረ ተማረ፤ ሐኪም ሆነ፤ ዜግነት ወሰደ። እሱ ዜግነት በወሰደ ማግስት ጦር ሠራዊቱም እሱን ወሰደው። ከዚያ በኋላ ጎልማሳነቱን የጨረሰው በየግንባሩ ድንኳን ውስጥ ቁስለኛ ሲሰፋ ነው። ሠራዊቱ ሲበተን ከመኮንኖቹ ጋር ጥቂት ወራት ካምፕ ተቀመጠ፤ ሲለቀቅ ወደ ሰቆጣ ተመደበ። ያን ጊዜ አንድ ሐኪም ሰቆጣ ተመድበሃል ሲባል መጀመሪያ የሚፈልገው የሚያስቀርለት ዘመድ ነበር። እሱ በዚህ አገር የነበረው ዘመድ አጎቱ ብቻ ነው፤ አጎቱም ሞቷል። ስለዚህ መጣ።

ከተማው «አረቡ» አለው። ቀጭን፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ሻዩን በስኳር የሚገድል ሰው ነበር። ሲቆጣ አይጮህም፤ መቀሱን ያስቀምጥና ዝም ብሎ ያይሻል። ቢሰድብሽ ይሻልሽ ነበር። በሽተኞቹ አብዛኞቹ ኽምጣና ተናጋሪዎች ስለነበሩ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ፤ እኔ ጋዝጊብላ ተወልጄ በኽምጣናም ባማርኛም አፌን የፈታሁ ነኝ። አንዳንዴ እሱ ሁለት ቃል ሲናገር እኔ አምስት አድርጌ አስተላልፍ ነበር። እሱም ያውቅ ነበር መሰለኝ።

ሜዳይ እንዳለው ያወቅሁት አንድ ቀን መሣሪያ ስቀቅል ነው። የስፌት መርፌዎቹን የሚያስቀምጥባት፣ ውስጧ ቀይ ከፋይ የለበሰ ትንሽ ሳጥን ነበረችው። መርፌዎቹን ሳወጣ ከከፋዩ ሥር አንድ ከባድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ገለጥ ባደርገው ሪባኑ የተጠቀለለ ሜዳይ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው ዶክተር?»

«ለጀግንነት ብለው የሰጡኝ ነው።»

«ታዲያ እንዲህ ይቀመጣል?»

«ሳጥኗ ለመርፌ ትመቻለች» አለና እጁን መታጠቡን ቀጠለ። እኔም ሌላ አልጠየቅሁም። ጠያቂ ነሽ እየተባልኩ ያደግሁት ሴት፣ መጠየቅ በነበረብኝ ሰዓት አፌን ዘጋሁ።

በዚያው ሳምንት በማኅበራችን ላይ አወራሁት። ሴቶቹ ዋንጫቸውን እንደያዙ ጆሮ ሰጥተው ሰሙኝ። ስጨርስ አንዷ፣ «ስንት ገድሎ ነው?» አለች።

በእኛ አገር ይህ ቀልድ አይደለም፤ የእውነት ጥያቄ ነው። ጀግና ማለት የገደለ ነው፤ ሰው ካልሆነ ነብር። በሠርግ የሚፎከርለት እሱ ነው፤ በለቅሶም የሚሞገሰው እሱ ነው። ሰው በማትረፍም ይሸለማል ብሎ የነገረን የለም፤ እኔም እዚያው ኦፕራሲዮን ክፍል ቆሜ እየዋልኩ አንድ ቀን አላሰብኩትም። «አላውቅም» ብል ወሬዬ ሊቀዘቅዝ ነው። «እንግዲህ ዝንብ ለገደለ ሜዳይ አይሰጥም» አልኳቸው። ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያቺ ቃል በገበያተኛ እግር ጋዝጊብላ ወጣች፣ ፃግብጂ ዞረች፣ እስከ ዋጉ ዝቋላ ወረደች፤ በደረሰችበት ሁሉ የሟቾቹ ቁጥር እየጨመረ ሄደ።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። በመንገድ ሲያልፍ ሽማግሌዎች ብድግ ይሉለት ጀመር። «ሰዉ ሰሞኑን ምነው አከበረኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሥራዎን አይተው ነዋ» አልኩት። ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር፦ ሜዳዩን የሰጠው የትኛው ጦር እንደሆነ። የዋግ ልጆች በረሃ የወረዱት ያንኑ የደርግ ጦር ሊወጉ ነው። በአካባቢያችን ሄዶ ያልተመለሰ ልጅ የሌለው ቤት ጥቂት ነው፤ የእናቴ ቤትም ከጥቂቶቹ ውስጥ አይደለም። ይህን እያወቅሁ ያንን ማውራቴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ያቺ ወላድ የመጣችው በበጋ፣ ከቀትር በኋላ ነው። ስምንት ወንዶች ከዝቋላ በቃሬዛ አመጧት፤ አንድ ቀን ከግማሽ ተጉዘዋል። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ምጡ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ባሏ ለሰሊጥ ሥራ ሁመራ ወርዶ ስለነበር ተከትለዋት የመጡት አባቷ ናቸው፤ ረጅም፣ ጋቢያቸውን እንደ ሰንበት ልብስ አስተካክለው የለበሱ ሽማግሌ። ሐኪሙ መረመራትና፣ «አሁኑኑ እንከፍታለን፤ ወደ ማታ ከሄደ ሁለቱንም እናጣለን» አለኝ። የመቀቀያውን ምድጃ አስለኮስኩ፤ የስምምነት ወረቀቱንና የማኅተም ቀለሙን ይዤ ወጣሁ።

ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ አሳርፈዋል። ወረቀቱ ላይ ሊያደርጉት ዝቅ ሲሉ ከቃሬዛ ተሸካሚዎቹ አንዱ ጆሯቸው ሥር አንድ ነገር አለ። ጣታቸው እዚያው አየር ላይ ቀረ።

«ሜዳይ ያለው አረብ ይሄ ነው?» አሉኝ በኽምጣና።

«አዎ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

አውራ ጣታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። ጥቁሩ ቀለም ነጩ ጋቢ ላይ ተሰመረ። «ወንድሟን የዚህ ሰው ጦር በላብኝ» አሉ። «ሬሳውን እንኳ አላየሁም። ደሙ ሳይደርቅ፣ አስታራቂ በመካከላችን ሳይቀመጥ፣ ደመኛዬ ካራ ይዞ የቀረችኝን ሲከፍታት ቆሜ ልይ? አንሷት።»

«ወዴት ነው የሚወስዷት አባቴ?»

«ወልድያ።»

«ወልድያ መኪና ቢገኝ እንኳ አንድ ቀን ነው። መንገድ ላይ ትሞታለች።»

«መንገድ ላይ ብትሞት እግዜር ወሰዳት። እዚህ ብትሞት ግን ለደመኛዬ አሳልፌ የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

ወደ ቃሬዛው ጎንበስ አልኩና ልጅቱን ራሷን ጠየቅኋት። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። «አባቴ ያለው ይሁን» አለች። እንዲህ እያለች ግን የጋውኔን ጫፍ ጨምድዳ ይዛ ነበር፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ አስለቅቄ ነው የተነሳሁት። ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬ፣ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ሽቅብ ይዞ ይጠብቀኛል። ሁሉንም ነገርኩት። ማኅበሩን፣ ዝንቧን፣ ሳቁን፣ አንድም ሳላስቀር። መቀስ አላስቀመጠም፤ አላየኝምም። «ደም እንዲደርቅ በናንተ ዘንድ ምን ይደረጋል?» አለ።

«ወራት ይፈጃል ዶክተር። ሽማግሌ ይላካል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይላካል። ገዳዩ አገር ለቆ ይቆያል።»

«በአጭሩስ?»

«አጭር የለውም። ብቻ... ጥፋተኛው ራሱ ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ እግር ላይ ከወደቀ፣ ሳይሰሙት ማለፍ ነውር ነው። መስማት ግድ ነው፤ ይቅር ማለት ግን ግድ አይደለም።» ከዚያ ልቤ አልቻለም። «ግን እርስዎ ምን አድርገው? ልንገራቸው፤ አልገደለም ልበላቸው። አልገደሉም አይደል?»

ጋውኑን አውልቆ ምስማር ላይ ሰቀለና ወጣ።

በግቢው ውስጥ የአጥር ግንብ ይሠራ ነበር። ከክምሩ አንዱን ድንጋይ፣ ሁለት ሰው ቢይዘው የሚሻለውን፣ ማጅራቱ ላይ ጫነና ቃሬዛው ፊት ሄዶ ተንበረከከ። ተሸካሚዎቹ ደነገጡ። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉ ሦስቱ እርስ በርስ ተያዩና አፈሩ ላይ ተቀመጡ፤ ሽማግሌ ሆኑ ማለት ነው። ከእነሱ አንዱ አባትየውን ክንዳቸውን ይዞ አስቀመጣቸው። አባትየው ለገበያ የሚበቃ አማርኛ ነበራቸው፤ ይሁንና፣ «በቋንቋዬ ልስማው» አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። ሐኪሙ ያላደረገውን አደረግሁ ብሎ ሊዋሽላት ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ እኔም ውሸቱን አሳምሬ ላስተላልፍ ተዘጋጀሁ።

«አባቴ» አለ አንገቱን እንደደፋ፣ «አንድ ቀን ውጊያ ላይ ወንዝ ዳር ነበርን። ቁስለኛ እያነሳን ወደ ኋላ እናሸሽ ነበር።»

ተረጎምኩ።

«ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ወድቀው አገኘሁ። አንዱ የእኛ ነው፤ አንዱ ከእናንተ ወገን ነው። የእናንተው ሊተርፍ የሚችል ነበር። ሐኪም ነኝ፤ ሳየው አውቄያለሁ። የእኛው የመትረፉ ነገር አጠራጣሪ ነበር።»

ተረጎምኩ። አንድም ቃል አልጨመርኩም፤ አንድም አልቀነስኩም።

«የእኛን ተሸከምኩ። ያኛው ሱሪዬን ያዘኝ። እመለሳለሁ አልኩት፤ ለቀቀኝ። ያን ቀን ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ብዙ ሰው አውጥቻለሁ። ወደ እሱ ግን አልተመለስኩም። መንገዱ ክፍት ነበር፤ መመለስ እችል ነበር፤ የጠላት ቁስለኛ አመጣህ እንዳልባል ፈራሁ። ሜዳዩን የሰጡኝ ለዚያ ቀን ነው። በጥይት ሰው ገድዬ አላውቅም። እሱን ግን እኔ ገደልኩት። የማን ልጅ እንደሆነ አላውቅም። ይማሩኝ።»

የመጨረሻዋንም ቃል በቃል ተረጎምኩ።

ሽማግሌው፣ «ቦታው የት ነው?» አሉ። ሐኪሙ የቦታውን ስም ጠራ። እኔ እዚህ አልጽፈውም፤ ልጁ እዚያ የወደቀበት ሰው ሁሉ የራሱ እየመሰለው ይደነግጣል። «ወንዙስ ማን ይባላል?» አሉ። ነገራቸው። ስሙን እንደገና አስጠሩት። ከዚያ ዝም አሉ። ከቃሬዛው ላይ ልጅቱ ታቃስታለች፤ የሐኪሙ አንገት ይንቀጠቀጣል፤ ሽማግሌው መሬት መሬት ያያሉ። ጉልበታቸውን ይዤ ልለምናቸው ተነሳሁ፤ ከሦስቱ አንዱ በዓይኑ አስቀመጠኝ።

በመጨረሻ ብድግ አሉና ድንጋዩን እሳቸው ራሳቸው በሁለት እጃቸው አነሱለት። ወግ ቢሆን የሚያነሳው አስታራቂ ነው እንጂ የሟች አባት አይደለም። «ይቅር ብዬሃለሁ። እግዜርም ይቅር ይበልህ» አሉ። «ተነስና ግባ። ይቺን ግን ጥለሃት እንዳትመጣ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አውራ ጣታቸውን ዘረጉ፤ ቀለሙን አቀረብኩላቸው።

ሐኪሙ እጁን እንደገና ታጠበ፤ ማጅራቱ ተልጧል። በሥራው ላይ ምንም አልተነጋገርንም፤ «መቀስ»፣ «ክር»፣ «ጥረጊ» ብቻ። ሴት ልጅ ናት የወጣችው፤ ሰማያዊ ሆና፣ ድምፅ የላትም። ባልደረባዬ ወስዳ አፏን ጠረገች፣ ጀርባዋን አሻሸች። እሱ እናትየውን ከመስፋት ቀና አላለም፤ ግን ክሩ እጁ ላይ ቆሞ ነበር። ሕፃኗ ስትጮህ ክሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። እኔ በጭምብሌ ሥር ማልቀሴን ማንም አላወቀም፤ ወይም አውቀው ዝም አሉኝ።

እናትየዋ ቁስሏ አመርቅዞ ከሦስት ሳምንት በላይ ተኛች፤ ግን ዳነች። በዚያው ሰሞን ዕርቁ ማዕድ ስለሚያስፈልገው ሽማግሌዎቹ ተቸገሩ። በግ ይታረድ ቢባል፣ አራጁ ክርስቲያን ከሆነ ሐኪሙ አይበላም፤ ሙስሊም ከሆነ እነሱ አይበሉም። ከሦስቱ አንዱ፣ «ንብ ሃይማኖቷን ተጠይቃ አታውቅም» አለና በማርና በዳቦ እንዲሆን ተበየነ። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ ከግንቡ ጥግ፣ ሐኪሙና አባትየው ካንድ ዳቦ ቆርሰው ባንድ ጻህል ማር እያጠቀሱ በሉ።

በወጉ መሠረት ምሕረት ያገኘ ሰው ለሟች ቤት ልጅ ይሆናል። ይህን ሐኪሙ በአንደበት የሚቀር መስሎት ነበር። ሽማግሌው ግን በየዓመቱ ማር ሲቆረጥ ከዝቋላ በእግራቸው ይመጡ ነበር፤ ሲመጡም እንደ አባት ነው። «ሚስት አታገባም ወይ?» ይሉታል። «ምን ይሄ አጥንትህ፣ እህል አትበላም?» ይሉታል። እሱ፣ ስንቱን የሚያንቀጠቅጠው ሰው፣ እጁን አጣምሮ «እሺ አባቴ» ይል ነበር። በዓል ሲሆን በቅሎ ይልኩለትና ይወርዳል። ሕፃኗ አድጋ «አጎቴ» ትለው ጀመር። የሰቆጣ ሰውም «አረቡ» ማለቱን ትቶ «የዝቋላው ሰውዬ ልጅ» አለው።

ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት ወደ ሌላ ከተማ ለማስተማር ተዛወረ። ሽማግሌው ሊሰናበቱት መጡ፤ ያኔ ዓይናቸው ደክሞ የልጅ ልጃቸው ናት እየመራች ያመጣቻቸው። መኪናው ሲሄድ አብረን ቆመን ሸኘን። ከዚያ ግንቡ ላይ ተቀመጥንና፣ አሥር ዓመት ጉሮሮዬ ላይ የቆመውን ነገርኳቸው፦ ያን ሁሉ ነገር ያመጣው የኔ ምላስ እንደሆነ።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ። በዚያ ገበያ በሚያውቁት አማርኛ ነበር የሚያወሩኝ።

«ደግሞስ ያ ልጅ የርስዎ ልጅ ላይሆን ይችላል እኮ አባቴ። ስንቱ ነው በያለበት የወደቀው።»

«ላይሆን ይችላል ትያለሽ? አይደለም እንጂ። የኔ ልጅ እዚያ አልነበረም። አብረውት የነበሩት መጥተው ነግረውኛል፤ የወደቀው ከዚያ ወንዝ የብዙ ቀን መንገድ ነው። ቦታውን ሲነግረኝ እኮ ወዲያው አወቅሁ።»

«ታዲያ ለምን ማሩት? ልጅቷን እንዲያድን ነው?»

«ለሷም ነው፤ አልዋሽሽም።» በትራቸውን በመዳፋቸው አሹት። «ግን ሰውዬው ተንበርክኮ ነበር። የዚያኛውን አባት ከየት ያምጣው? ቢፈልገውስ ያገኘዋል? እኔ በሱ ፈንታ ሰማሁት። የኔን ልጅ የገደለው ሰውም የሆነ አገር፣ በኔ ፈንታ ለሚሰማው አባት ነግሮ ይሆናል።»